የአንድ ሰዓት ብርድ

ብርድ ከአገር ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ደብረ ብርሃን እንኳ ሌት ተቀን ይፋጃል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልና ባሏ ይመኑም ከተጋቡ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሙቀቱ የተነሳ የሚተኙት በየአልጋቸው ነው።

ለገና ግን የከተማው መናፈሻ በዝግ አዳራሹ ውስጥ የድሮውን ብርድ በማሽን ለአንድ ሰዓት ይለቃል። ዘርፈሽዋል ከባሏ ጋር አንድ ጋቢ ለመልበስ ተመኝታ፣ የእሱን ሆን ብላ ሳጥን ውስጥ ትታው መጣች። በሩ ሲከፈት ብርዱ ፊቷን በጥፊ አላት።

"እልል! ይመኑ፣ ከአፌ ጭስ ወጣ እኮ!"

"የእኔ ጋቢ የታለ?" አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

"ውይ፣ ረሳሁት!"

"አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽንስ እንዴት አልረሳሽም?"

"እንግዲህ ና ጋቢዬ ውስጥ ግባ፤ ጎረቤት አያይህም።"

እያጉረመረመ ገባ። የልቡን ምት እንዲህ ቀርባ ሰምታው አታውቅም። "ተመስገን" አለች በሆዷ።

ሰዓቱ አልቆ ወደ ሐሩሩ ሲወጡ በረኛው ሳቀባቸው።

"ኧረ አውልቁት፣ በላብ ልታልቁ ነው!"

ዘርፈሽዋል ጫፉን ልትለቅ ስትል ይመኑ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

"ተይው፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ በዚሁ እንሂድ።"