ጣቷን የዘረጋች እጅ

ሴትዮዋ የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው የብር ዘንግ ጫፉ ላይ ጣቷን የዘረጋች ትንሽ እጅ ነበረችበት። "አባባ ጀርባውን የሚያክበት ነበር" አለች እየሳቀች። "ለልጄ የሰርግ ቀለበት ላስቀልጠው ነው። አንጥረኛው የአይሁድ ዕቃ ይመስላል ብሎኝ፣ እርስዎ ስለ አይሁድ ቅርስ በነፃ ያስረዳሉ ሲሉኝ ነው ጎራ ያልኩት።"

ጡረተኛው ፕሮፌሰር ዘንጉን አገላብጠው አዩት። አታቅልጪው ማለት አይችሉም፤ ንብረቱ የእሷ ነው። በወሬ ብቻ ሊሸኟት ግን አልፈለጉም። "ኦሪት ሲነበብ መስመር መከተያ ነው፤ ብራናው በእጅ አይነካም" አሉና የራሳቸውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ገልጠው ዘንጉን አስያዟት። "እኔ ላንብብ፣ አንቺ ተከተዪኝ።"

"ፊደሉን አላውቀውም እኮ፣ ጋሼ።"

"ግድ የለም። ከቀኝ ወደ ግራ ብቻ ሂጂ።"

እያንዳንዷን ቃል ረገጥ አድርገው አነበቡ። የብሯ ጣት መጀመሪያ ከመስመሩ ወጣች፤ ሁለት ጊዜም ቀድማቸው ሄደች፤ እሳቸው ግን እስክትመለስ ጠብቀው ቀጠሉ። ቀስ በቀስ እርምጃቸው ገጠመ። ሴትዮዋም ሳቋን ተወች። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ፕሮፌሰሩ ሆን ብለው ዝም አሉ።

የብሯ ጣት ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይመራት ወደ ታች ወረደችና የሚቀጥለው መስመር ቀኝ ጫፍ ላይ አረፈች።

"ለቀለበቱ ሌላ ብር አይጠፋም" አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ። "ይቀጥሉ እንጂ፣ ጋሼ።"