የሚያብረቀርቁት ጎማዎች

መርሻ ከጎሚስታ ቤቱ ጥግ ሁለት ጎማ እያንከባለለ አወጣና አብዱልሃሚድ ፊት አጋደማቸው።

«ይኸውልህ! ጥርሳቸው ያለቀ ላሽ ነበሩ፤ በጋለ ቢላ ጥርስ አውጥቼላቸዋለሁ። ትራፊክ እንኳ አይለያቸውም።»

ባለታክሲው ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን ቋጠረ። «ጋሽ መርሻ፣ እነዚህማ አቧራ ለብሰዋል። ትናንት ያሳየኸኝ እኮ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራ ነበር።»

እውነቱን ነው። መርሻ የቀረጸውን ላሽ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ካላሳመረ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የታወቀው በዚሁ ነው። አቧራውን በመዳፉ ጠረግ ሲያደርግ አንድ ነገር ቆረቆረው። አዲስ ጎማ ላይ ብቻ የምትገኝ ቀጭን የጎማ ጸጉር ናት። ሁለተኛውንም ዳሰሰ። እሱም አዲስ ነው።

«ወይኔ ጉዴ!»

አዲሶቹን ያስቀመጠው ለታናሽ ወንድሙ ለልዑል ነበር፤ ለዛሬው የመኪና ውድድር፣ ከፊት እንዲገጥማቸው። ጠዋት መርሻ ከቅዳሴ ሲወጣ ልዑል ከጎሚስታ ቤቱ ደውሎ «የትኞቹን ልውሰድ?» ብሎት ነበር። «አዲሶቹን ነዋ! ዓይን የለህም?» አለና ዘጋበት። ልዑል ደግሞ ዓይን አለው፤ የሚያበሩትን ወስዷል።

ዕጣው ከሁሉም ኋላ፣ ዘጠነኛ ሆኖ እንዲነሳ ነው ያወጣለት። ትናንት ማታ መርሻ ራሱ መክሮታል። «ከኋላ ተነስተህ ገና ከጅምሩ ለማለፍ ከተሻማህ ጎማህን ትጨርሳለህ። አምስት ዙር ታገስ። የፊተኞቹ ጎማ ሲያልቅ፣ በስድስተኛው ዙር ኩርባው ላይ ሳትሳሳ ንዳው።» ምክሩ ለአዲስ ጎማ ነበር።

ልዑል ስልክ አያነሳም። ሚስቱ ቤተል ከውድድሩ ቦታ አነሳች፤ ከጀርባዋ ሞተር ያጓራል።

«ቤቲ፣ አስቁሚው! የፊት ጎማዎቹ ላሽ ናቸው!»

«ጋሼ፣ አይሰማኝም! ስድስተኛው ዙር ገብቷል! አራተኛ ሆነልዎ! ልክ እርስዎ እንዳሉት፣ አሁን ለቀቀው!»

«አስቁሚው እባክሽ! ክሩ ብቻ ነው የቀረው! ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል!»

አብዱልሃሚድ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልስበት ታክሲው በር ላይ ቆሟል።

«የእኔ ተሳፋሪዎችስ?» አለ።

መርሻ አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈራ። አዲሱ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ሦስተኛ!» አለች ቤተል በስልኩ፤ ሳቋ ይሰማል። «ጋሼ፣ ኩርባው ላይ ሦስተኛ ሊ…»

አንድ ነገር ጓ አለ። ከዚያ የብዙ ሰው ጩኸት መጣ፤ የቤተል ድምፅ ግን ከመሃሉ የለም።

መርሻ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ በአውራ ጣቱ ያቺን የጎማ ጸጉር ወዲያና ወዲህ ያደርጋታል።