የሽንኩርቱ አንገት

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የወደቀ የሽንኩርት ቅጠል ቀና ታደርጋለች፤ ከጎኑ ከተከለችው ቀጭን እንጨት ጋር በቀይ ክር ታስረዋለች። ክሩ ከሱቋ የተረፈ ነው። ቀዩ ሲያልቅ ሰማያዊውን፣ ሰማያዊው ሲያልቅ የሙሽራ ቀሚስ የሰፋችበትን ነጩን ትቀጥላለች። ሁለት መደብ አስራ ጨርሳለች። ከፊቷ ያሉት ግን አንድ ባንድ እየተንጋለሉ ነው።

መውደቅ የጀመሩት በዚህ ሳምንት ነው። ውሃ አንሷቸው ይሆናል ብላ ጠዋትም ማታም ቦዩን ከፈተችላቸው፤ ጭራሽ ባሰባቸው። እሷንም እህል ውሃ አላሰኛት። በዓመት የሚበልጣት፣ እንደሷው ከተማ ያደገው ወንድሟ ነገሩን አስቀድሞ ቆርጦታል፤ ይህ ሽንኩርት ካልሆነላት የአባታቸው መሬት ለጎረቤት ይከራያል፣ እሷም ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። መሬቱ የሁለቱም ስለሆነ አትከራከረውም። ግን መሬቱም ከሄደ ከሟች አባቷ ምን እንደሚቀራት ስታስብ ምንም አታገኝም።

ከአጥሩ በር ላይ የሞተር ሳይክል ድምፅ ይሰማል። አማካሪው ነው፤ በጀማሪ ገበሬዎች ማሳ እየዞረ ምክር የሚሰጥ፣ ለዚሁም የሚከፈለው ወጣት። ዛሬ የመጨረሻ ጉብኝቱ ነው፤ ውሉ ካልታደሰ አይመለስም። ወንድሟ የዚህ ልጅ ነገር በተነሳ ቁጥር ሳቁ ይመጣል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው የሚባለው። መከራ እንኳ ሲመክር አያስከፍልም» ይላታል። አብራው ትስቃለች፤ በውስጧ ግን ታፍራለች። የገበሬ ልጅ ሆና የአፈርን ነገር በገንዘብ መግዛት! አባቷ እጇ አፈር እንዳይነካ ብሎ በልጅነቷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሰደዳት። መርፌ መያዝ ተማረች፤ ዶማ መያዝ ማንም አላሳያትም።

ልጁ የራስ ቁሩን በብብቱ ሸጉጦ መደቡ ዳር ይቆማል። በየቀለሙ ክር ታስሮ የተሰለፈውን ሽንኩርት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞርና ያስላል፤ ሳል ግን የለበትም።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ታመሙብኝ» ትለዋለች ሳትነሳ። «አንገታቸው ወደቀ። ደግፌ ላቆያቸው ብዬ ነው።»

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ሳቁን ስለዋጠ ብቻ ክፍያው ይገባዋል። ነጭ ክር የታሰረለትን አንዱን ይዞ ይነቅላል። ከአፈሩ የወጣው ሽንኩርት ጡጫ ያክላል፤ ቆዳው ቀልቶ ያብረቀርቃል። እጇ ላይ ያስቀምጥላታል። ይከብዳል።

«አልታመሙም። ሽንኩርት ሲደርስ አንገቱ ይላላና ቅጠሉ ይተኛል። ገበሬ ይሄንን ነው የሚጠብቀው። ውሃውን ዛሬውኑ ይዝጉት፣ እንዳይበሰብስብዎት። ከዚያ ሰው ጠርተው መንቀል ነው።»

ሽንኩርቱን ትክ ብላ ስታየው የተቀየመችው ይመስለዋል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። «ሁሉም የሚያውቀው እየመሰለን ሳንናገረው እንቀራለን።»

ልብስ ሰፊዋ ግን እዚያ የለችም። በሐሳቧ አምና ሱቋ ውስጥ ናት፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ የሰው ቀሚስ እየሰፋች። አባቷ ነበር የደወለው። «የሽንኩርቱ አንገት ወድቋል፤ ነይ» አላት። አንጀቷን በላው። ሰብሉ የጠፋበት መሰላት፤ ባዶ ማሳ ፊት ተቀምጦ ልታየውም ፈራች። «አይዞህ አባዬ፣ ለከርሞ ይሻላል» አለችው። እሱም «እሺ ልጄ» ብሎ ዘጋው። ከርሞን አላየም።

ለካ ለአዝመራው ነበር የጠራት። አጠገቡ ተቀምጣ አብራው እንድትነቅል፣ ቢበዛ አንድ ቀን እንድትውልለት። ይህን ብታውቅ ትመጣ ነበር። ስፌቱን መኪናው ላይ ትታ፣ ክሩን እንኳ ሳትበጥስ ትመጣ ነበር። አባቷ ይናፍቃታል፤ ሲቀበር እንኳ እንደዚህ አልናፈቃትም። ሽንኩርቱን በሁለት እጇ ይዛ ከነአፈሩ ደረቷ ላይ ታስጠጋዋለች።

ልጁ እግሩን እያፍተለተለ የውሉን ነገር ያነሳል፤ ካልፈለገች ቅር እንደማይለው ይነግራታል።

«ከርሞም ና» ትለዋለች። «ሌላም ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ካለ ንገረኝ።»

እሱ ቦዩን ሊዘጋ ሲሄድ ወንድሟ ጋ ትደውላለች። ብዙ ነገር ልትነግረው አስባ ነበር። ከአፏ የሚወጣው ግን አንድ ነው።

«የሽንኩርቱ አንገት ወድቋል፤ ና።»

ወንድሟ ዛሬ አይስቅም። ድምፁ ሰምታው በማታውቀው አኳኋን ይለሰልሳል።

«አይዞሽ እህቴ» ይላታል። «አይዞሽ፤ የቻልሽውን አድርገሻል።»

እሺ ብሎ መዝጋት እንዴት ቀላል እንደሆነ አሁን ይገባታል። ከኪሷ መቀሷን አውጥታ የመጀመሪያውን ክር ትቆርጣለች። ቅጠሉ ቀስ ብሎ አፈሩ ላይ ይተኛል።

«ጆንያ ይዘህ ና» ትለዋለች።