በመቀነት የተቋጠረ ምላጭ

እነዋሪ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው በተቀበረ ማግስት የቤቱ ሴቶች ለሐዘን ሊላጩ ተሰበሰቡ። ላጪዋ ብርሃነሽ አንድ ምላጭ ይዛ፣ “ታላቅ ትቅደም፤ ነይ እታለም” አለቻት። ለቅሶ ያዛላት የሟቹ ታላቅ እህት ቁጭ አለችና ከመቀነቷ ቋጠሮ የራሷን ምላጭ አውጥታ ሰጠቻት። የኤችአይቪ መድኃኒቷን ሰባት ዓመት ደብቃ እንደዋጠች ሁሉ፣ ይህንንም በዝምታ ልታልፈው ነበር ሐሳቧ።

“እሰይ፣ አዲስ ነው!” አለች ብርሃነሽ አሮጌውን እየጣለች። “ለልጆቹም ይበቃል።”

የወንድሟ ሴቶች ልጆች ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ከኋላዋ ተራ ይጠብቁ ነበር። ዞራ አየቻቸው። መደበቅ ታከታት።

“እነሱን በእሱ እንዳትላጪ። ደሜ ውስጥ ቫይረሱ አለ።”

ብርሃነሽ ምላጩን አላስቀመጠችም። “ለየራሳችሁ ምላጭ አምጡ” አለቻቸው ልጆቹን፤ ከዚያ በመዳፏ ውሃ ዘግና ጠጉሯን አራሰችላት።

“ዝቅ በይ፤ ውሃው ይበርዳል።”