የቢፍቱ ጩኸትና የተቆረጠው መስመር

መምህር ወልደአማኑኤል ልደታ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ያስተምራል። በመልኩ አይመካም። «መልኩን ወንድሜ ጠቅልሎ ወሰደው፤ ለእኔ የቀረችኝ ድምፄ ናት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጠዋት ልጆቹን በሰላምታ መዝሙር ሲቀበል መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

ችግሩ ቢፍቱ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ጠዋት ክፍል ከገባች ግን ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ መይሙና ቁርጡን ተናግረዋል፦ እስከ ሰኔ ካልተሻላት ቤቷ ትቀመጥ። እናቷ፣ ወይዘሮ እንዳለች፣ ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሌላ የሚቀበላት ትምህርት ቤት የለም።

«የሚረብሿት እነዚህ ወያላዎች ናቸው» አለ መምህሩ። ከመስኮቱ ሥር «መርካቶ! ተክለ ሃይማኖት!» ሲሉ ይውላሉ። መስኮቱን ዘጋው። ጩኸቷ ጭራሽ ባሰ።

ከዚያ ግራፍ ጀመረ፤ ወደ ላይ ጩኸቷ፣ ወደ ጎን ቀኑ። በግንቦት ልደታ ማግስት ደግሞ የሥዕል ካርዶች አመጣላት፦ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ጨዋታ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገ ልጅም አለበት፤ ይቺኛዋን ለእሷው ብሎ ነው የሣላት። በዓሉን ከመዘምራን ጋር ሲዘምር አድሮ ድምፁ ስለተዘጋ ካርዶቹን በምልክት አስተዋወቃት። ቢፍቱ አልጮኸችም። በማግስቱም እንደዚያው።

ወይዘሮ መይሙና ግራፉን አዩት። «እዚህ ጋ ምነው ተቆረጠ? እስክሪብቶ አልቆብህ ነው?»

«ደንቡ ነው» አለ መምህሩ በሻከረ ድምፅ። «አንድ ነገር ሲቀየር ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ከወዲህና ከወዲያ ያሉት ነጥቦች አይገናኙም። እዚህ ጋ የተቀየረው ካርዱ ብቻ ነው። እኔ መቼም ሰነፍ ብሆንም ለዚህ ለዚህ አልታማም።»

«ራስህን ማመስገን ትወዳለህ።»

«ሌላ የሚያመሰግነኝ ከየት ይምጣ ብለው?»

ሰኞ እናቷ እንዳለች ተጠራች። ወይዘሮ መይሙና ክፍሉ ውስጥ ቆመው ቢፍቱን አዩዋት። ዶቃዋን በጸጥታ ትደረድራለች።

«በቃ፣ ትቀጥል» አሉ።

እንዳለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መምህሩን ደስታው አላስቀምጥ አለው። ድምፁ ተመልሶለታል፤ የጠዋቱን መዝሙር ባለ በሌለ ጉልበቱ ለቀቀው።

ቢፍቱ ዶቃዋን ጥላ ተነሳች፤ ካርዶቹን አገላበጠች፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገውን ልጅ መረጠችና የመምህሩ አፍ ላይ ለጠፍ አድርጋ ያዘችው።