ሦስት መቶ አርባ ዜሮ

ማተሚያው እየተንጣጣ ወረቀቱን ይተፋል፤ እኔ ደግሞ እስኪጨርስ አላስችል ብሎኝ እየጎተትኩ አነባለሁ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ውኃ እንዲገባላቸው ያመለከቱ ሦስት መቶ አርባ የልደታ ሰዎች ስማቸው በትክክል ወጥቷል፤ የተራ ቁጥራቸው ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ሸዋንግዛው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ዝርዝሩ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ዛሬውኑ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ እኔም ወደ ታይፕ ሥራዬ። ቀልድ እንዳይመስለኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ስገባ የድሮዋን ታይፕ ወረቀት አጉርሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧታል። ስድስት ወር ሙሉ ፓስካል የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማርኩት ለዚች ነው እንዴ! አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ትልቁን የወረፋ መዝገብ ታቅፈው አጠገቤ ቆመዋል። ሃያ ዓመት ለሰው ተራ የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩን መጫወቻ ነው የሚሉት። ወረቀቱን አየት አድርገው፣ ሁሉንም እኩል ካደረገማ ጓድ ሊወደው ይችላል ይላሉ። ሳቄ ያመልጠኛል፤ ወዲያው ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል።

እስቲ አስረጂኝ ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ። ዋናው ፕሮግራም «ተራ» የምትባል ቁጥር ይዟል፤ ከዜሮ ትጀምራለች። አንድ ሰው በመጣ ቁጥር ሥራውን ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ይሰጣታል፤ እሷ «ተራ» ላይ አንድ ትጨምራለች፤ ከዚያ ዋናው ቁጥሩን ያትማል።

ጋሽ ወልደአማኑኤል አገጫቸውን እያሻሹ ያስባሉ።

«ሠርካዲስ ልጄ፣ ያቺ ትንሿ የምትጽፈው በዋናው መዝገብ ላይ ነው ወይስ የራሷን ደብተር አውጥታ?»

ክው እላለሁ። በትንሿ ፕሮግራም አናት ላይ «ተራ»ን እንደ አዲስ መዝግቤያታለሁ! አሥር ዓመት ታይፕ የመታሁ ሰው ነኝ፤ በመሥሪያ ቤታችን በየገጹ አናት ላይ ቁጥርና ቀን ካልተደገመ ማንም አይፈርምም። እኔም ለወጉ ደገምኳት። ኮምፒውተሩ ታዲያ ለትንሿ የራሷን ደብተር ይከፍትላታል፤ እዚያ ላይ አንድ ትጨምራለች፤ ስትጨርስ ደብተሩ ይጣላል። የዋናው «ተራ» ማንም ሳይነካት ዜሮ ላይ ቁጭ ብላለች።

ያቺን አንድ መስመር አጠፋለሁ። እንደገና አሳትማለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን ሰክተው መዝገቡን ይገልጣሉ፤ ከእኔ ወረቀት ጋር ስም በስም እያስተያዩ በጣታቸው ይወርዳሉ።

ጓድ ሸዋንግዛው በሩን ሲከፍት የመጨረሻው መስመር እየታተመ ነው። ስንት ደረሰ ይለኛል፤ ሦስት መቶ አርባ እለዋለሁ። እሱ ግን የሚያየው እኔን ሳይሆን ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነው። እሳቸው ጣታቸውን የመጨረሻው ስም ላይ ያሳርፋሉ።

«ልክ ናት» ይላሉ።

መዝገቡን ዘግተው ጠረጴዛዬ ላይ ይተዉታል። ከዚያ ታይፗን ያነሳሉ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ ይሉኛል። የጎረሰችው ወረቀት እየተርገበገበ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዘዋት ይሄዳሉ።