ዲ ላይ የተቀመጠው ምርቃት

ሙሽራው ከጠዋት ጀምሮ ላፕቶፑ ላይ እንደተደፋ ነው። ነገ ያገባል። አባቱ ሊሞቱ ሰሞን አልጋ ላይ ሆነው ሲመርቁት የቀረፀውን ቪዲዮ ዛሬ ለቤተ ዘመዱ ሊያሳይ ቃል ገብቷል። የቀረፀበት ስልክ ተሰርቋል፤ ቪዲዮው ግን ላፕቶፑ ውስጥ፣ ዲ በሚባለው የፋይል ማስቀመጫ ክፍል ላይ አለ።

ዊንዶውሱን ቫይረስ ስለበላበት፣ ጓደኛው ያፌት «ነፃ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረው» ብሎ በሰጠው ፍላሽ ትናንት በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ ጫነበት። ለቪዲዮው አልሰጋም። ፎርማት ተደርጎ የሚጠፋው ሁልጊዜ ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ነው፤ ዲን ማንም ነክቶት አያውቅም።

መከራውን ያሳየው ቪዲዮ ማጫወቻ የሚሉት ጉድ ነው። እንደለመደው ከኢንተርኔት አውርዶ ሁለቴ ቢጫነው ዝም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ቢሞክር የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ ሲጽፍ አንድም ፊደል አልታይ ስላለው ኪቦርዱን እየደበደበ ተሳደበ። ቢለው ቢሠራው መልሱ «አልተገኘም» ብቻ።

«የኔ ልጅ፣ አልደረሰም?» ይላሉ እናቱ ከሳሎን።

«መጣሁ እማዬ።»

አመሻሽ ላይ ማጫወቻው ተከፈተ። እልል ሊል ምንም አልቀረው። ላፕቶፑን ተሸክሞ ሳሎን ገባና፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዲን ፈለገ። ዲ የለም። ያፌት ጋ ደወለ።

«ዲ በየት ነው የሚገባው?»

«ስትጭነው ‹ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ ወይ?› ብሎ አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል። ሲን መስሎኝ አዎ አልኩት።»



«ወንድሜ፣ ዲስኩ እኮ አንድ ነው። ሲም ዲም እሱው ላይ ነበሩ።»

ሙሽራው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቀና አለ። እናቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አሜን ለማለት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።